ለኦቶ ፎን ሀብስቡርግ ታሪክ የተሰጠ ምላሽ፦ ዘውዱ፣ ፊርማውና አልማዙ

የመጨረሻው የኦስትሪያና የሀንጋሪ አልጋ ወራሽ ስለነበሩት ስለ ኦቶ ፎን ሀብስቡርግ ሰሞኑን የወጣ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ብዙ አንባቢ አግኝቷል። ላላነበበው ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ አባትየው ካርል በ1918 ዘውዳቸውን በገዛ ፈቃዳቸው አወረዱ፤ ኦስትሪያም የቤተሰቡን ንብረት እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ወረሰች፤ ልጅየው አልጋውን ለማስመለስ የሂትለርን ደጅ ጠኑ፤ ሳይሳካ ሲቀር አንዲት ወረቀት ፈርመው አገራቸው ገቡ፤ መብታቸውን ለልጃቸው አወረሱ፤ በ1989 ምሥራቅና ምዕራብ አውሮፓን የለየውን ድንበር፣ የብረት መጋረጃውን፣ ቀደዱ፤ ሲሞቱም ኦስትሪያ እንደ ንጉሠ ነገሥት ቀበረቻቸው፤ ዝነኛው የፍሎረንስ አልማዝ ደግሞ ተቆራርጦ ተሸጦ ቀረ።

አተራረኩ ይጥማል። ይሁን እንጂ ከስምንቱ ነጥቦች አንዱም እንዳለ የሚወሰድ አይደለም፤ ገሚሱ ፈጽሞ ስህተት ነው፣ ገሚሱ ደግሞ እውነቱን ከግማሹ ቆርጦ የጣለ ነው። ስህተቱ ሁሉ የሚመነጨው ከአንድ ቦታ ነው። የኦቶን ሕይወት ከልጅነት እስከ ሽምግልና የተከተላቸው የኦስትሪያ ሪፐብሊክ ኤፕሪል 3 ቀን 1919 ያወጣው «የሀብስቡርግ ሕግ» ነው፤ ጽሑፉ ግን ይህን ሕግ በስም እንኳ አያነሳውም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ካርል ዘውዳቸውን በፈቃዳቸው አወረዱ»

አላወረዱም። ኖቬምበር 11 ቀን 1918 ቪየና ላይ የወጣው አዋጅ ካርል በመንግሥት ሥራ ላይ ያላቸውን ማንኛውንም ድርሻ እንደሚተዉ ይናገራል እንጂ ከዙፋን ወረድኩ የሚል ቃል የለበትም። በሁለተኛው ቀን፣ ኖቬምበር 13፣ ኤካርትሳው በተባለው የአደን ቤተ መንግሥት ለሀንጋሪ የፈረሙትም ተመሳሳይ ነው። ቃሉ የተዘለለው ሆን ተብሎ ነው፤ እቴጌ ዚታ ባላቸው ከዙፋን እንዲወርዱ በምንም መንገድ አይፈቅዱም ነበር። ካርል ማርች 24 ቀን 1919 በባቡር ወደ ስዊዘርላንድ ሲሻገሩም ድንበር ላይ ካለችው ከፌልድኪርሽ ከተማ ሌላ መግለጫ አውጥተው የኖቬምበሩን ቃላቸውን ሻሩት። ሕጉ የጸደቀው በአሥረኛው ቀን ነው።

ይህ ዝርዝር ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ግን የሚቀጥለው ሁሉ የቆመው በሱ ላይ ነው። የሕጉ 2ኛ አንቀጽ ከአገር የሚያባርራቸውን ሰዎች በሁለት ይከፍላል። የመጀመሪያው «የቀድሞው የዘውድ ባለቤት» ነው፤ ካርል ማለት ነው። እሳቸው የሚባረሩት ያለ ምንም አማራጭ ነው፤ መቶ ጊዜ ቢፈርሙም በር አይከፈትላቸውም። ሁለተኛው ምድብ ሌሎቹ የቤተሰቡ አባላት ናቸው፤ እነሱ ከቤተሰቡ አባልነትና ከዚያ ከሚመነጭ የሥልጣን ጥያቄ ራሳቸውን በግልጽ ካገለሉ፣ የሪፐብሊኩም ታማኝ ዜጋ ነን ካሉ መመለስ ይችላሉ። ኦቶ ኖቬምበር 20 ቀን 1912 የተወለዱ ናቸውና ሕጉ ሲወጣ ገና ሰባት ዓመት አልሞላቸውም ነበር፤ ዘውድ ደፍተው ስለማያውቁም የወደቁት በሁለተኛው ምድብ ነው። ከ42 ዓመት በኋላ የፈረሙት ወረቀት ትርጉም የሚኖረው ይህ ክፍፍል ስላለ ነው።

ሀንጋሪ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። ጽሑፉ ሁለቱን አገሮች አንድ አድርጎ ማየቱ ያስገርማል። ሀንጋሪ ዘውዳዊ መንግሥትነቷን አልተወችም፤ ከ1920 ጀምሮ አድሚራል ሆርቲ በእንደራሴነት የሚያስተዳድሯት፣ ንጉሥ የሌላት ዘውዳዊ መንግሥት ሆና ቀረች። ካርል በ1921 ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በኦክቶበር፣ ዙፋናቸውን ለማስመለስ ወደዚያ ገብተዋል። ሁለተኛው ሙከራ ቡዳፔስት አጠገብ ቡዳኦርሽ ላይ በተኩስ ከሸፈ፤ ካርልና ዚታ ተይዘው በቲሃኒ ገዳም ከቆዩ በኋላ በእንግሊዝ መርከብ ወደ ማዴይራ ደሴት ተጋዙ። የሀንጋሪ ምክር ቤት የሀብስቡርጎችን የመንገሥ መብት በሕግ የሻረው ከዚህ በኋላ፣ በኖቬምበር 1921 ነው። በፈቃዱ የወረደን ሰው በሕግ መሻር ለምን አስፈለገ? ካርል ኤፕሪል 1 ቀን 1922 እዚያው ማዴይራ ላይ፣ ፉንሻል ከተማ ውስጥ በሳንባ ምች ሞቱ። ኦቶ ያኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ዚታ ስምንተኛ ልጃቸውን አርግዘው ነበር።

«ኦስትሪያ ንብረታቸውን በሙሉ ወረሰች»

ሕጉ ንብረቱን የሚያየው በሦስት ከፍሎ ነው። አንደኛው የቤተ መንግሥቱ አስተዳደር በእጁ የያዘው የመንግሥት ሀብት ነው፤ የቪየናዎቹን ቤተ መንግሥቶች ሆፍቡርግንና ሾንብሩንን የመሳሰሉት። ሁለተኛው የቤተሰቡ የጋራ ንብረት ነው፤ ማንም አባል ሊሸጠው ወይም ሊለውጠው የማይችል፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ በደንብ የሚተላለፍ። እነዚህ ሁለቱ ለሪፐብሊኩ ሆኑ፤ ከተወረሰው ንብረት የሚገኘው የተጣራ ገቢም በጦርነቱ ለቆሰሉና አሳዳጊ ላጡ እንዲውል ሕጉ ራሱ ያዛል። ሦስተኛው በማስረጃ የሚረጋገጥ የግል ንብረት ነው። ይህ አልተነካም።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ከካርል በፊት የነገሡት ፍራንዝ ዮሴፍ በሰርቢያ ላይ ጦርነት ያወጁበት፣ በኦስትሪያዋ ባድ ኢሽል ከተማ ያለው ቪላ ዛሬም የግል ቤት ነው፤ ባለቤቶቹ የሴት ልጃቸው የማሪ ቫሌሪ ዘሮች ናቸው። ይህ የቤተሰቡ ቅርንጫፍ በጊዜ ስለፈረመ አገሩንም ቤቱንም ሳይለቅ ኖሯል። የዚታና የልጆቻቸው ችግር ሌላ ነበር፤ ይዘውት የወጡት ጌጣጌጥ በስደቱ ዓመታት እየተሸጠ አለቀ፣ የቀረውም በአደራ ተቀባዮች እጅ ጠፋ ሲባል ነው የኖረው። ስለዚህ ስፔን ውስጥ በሌኬይቲዮ የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ ቀጥሎም ቤልጂየም ውስጥ በሽቴኖከርዘል ሲኖሩ የደጋፊዎቻቸው እርዳታ ያስፈልጋቸው ነበር።

አንድ ነገር መጨመር አለበት። በ1935 የኦስትሪያው ቻንስለር (የመንግሥት መሪ) የሹሽኒግ መንግሥት ሕጉን አላልቶ ከንብረቱ የተወሰነውን ለመመለስ ወስኖ ነበር። በ1938 ናዚዎች መልሰው ወረሱት። ከጦርነቱ በኋላ የተመለሰችው ሪፐብሊክ ደግሞ የ1919ኙን ሕግ እንደነበረ አጸናችው። አንድ ንብረት በሁለት እጅ ሁለት ጊዜ ተወርሷል ማለት ነው፤ ቤተሰቡ ለአሥርት ዓመታት «የናዚ ዘረፋ ይመለስልን» ሲል፣ መንግሥት «ናዚ ከመምጣቱ በፊትም የኛ ነበር» ሲል የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

«የሂትለርን ደጅ ጠኑ»

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይኸኛው ነው። ኦቶ በ1932 መጨረሻና በ1933 መጀመሪያ ለጥናት በርሊን ነበሩ፤ ሂትለር ሊያገኛቸው በሰው በኩል ጠይቆ እምቢ ማለታቸውን ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ምስክርነቱ የራሳቸው ነውና አያሳምንም የሚል ሰው ቢኖር፣ የጀርመን ጦር ሰነዶች አሉ። በ1937 ከወጣው የጦሩ መመሪያ ውስጥ «ልዩ ሁኔታ ኦቶ» የሚል ክፍል አለ፤ ሀብስቡርጎች ወደ ኦስትሪያ ዙፋን ቢመለሱ ጀርመን በጦር እንድትገባ የሚያዝ ዕቅድ ነው። በማርች 1938 ኦስትሪያ የተወረረችበት ዘመቻም የተሰየመው በዚሁ ስም ነው። ደጅ የሚጠናን ሰው መምጣት ለመከላከል የጦር ዕቅድ አይነደፍም።

ከወረራው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1938፣ ኦቶ ለቻንስለር ሹሽኒግ ደብዳቤ ጽፈዋል። ሹሽኒግ በሂትለር ዛቻ ከተንበረከኩ አምስት ቀን ሆኗቸው ነበር። የደብዳቤው ሐሳብ አጭር ነው፦ ለጀርመን ከዚህ በላይ አትልቀቁ፤ መቋቋም ካልቻላችሁ ግን የቻንስለርነቱን ሥልጣን ለኔ አስረክቡኝ። ዙፋን አልጠየቁም። ሹሽኒግ አልተቀበሏቸውም፤ እንዲህ ያለ እርምጃ ጀርመንን ወዲያው ያመጣብናል ብለው ነው። ወረራው ከተፈጸመ በኋላ የዘውዱ ደጋፊዎች በገፍ ታሰሩ፤ በሳራዬቮ የተገደሉት የፍራንዝ ፈርዲናንድ ሁለት ወንዶች ልጆች ዳካው ማጎሪያ ገቡ፤ በኦቶም ላይ በአገር ክህደት የእስር ማዘዣ ወጣ። ሜይ 1940 ጀርመን ቤልጂየምን ስትወር ቤተሰቡ በፈረንሳይ በኩል ሸሸ። ቦርዶ የነበሩት የፖርቱጋል ቆንስል አሪስቲዴስ ደ ሶሳ ሜንዴስ የመንግሥታቸውን ትእዛዝ ጥሰው ለብዙ ሺህ ስደተኞች በሰጡት ቪዛ ሊዝበን፣ ከዚያም አሜሪካ ደረሱ።

ኦቶን መንቀፍ የሚፈልግ ሰው ሂትለርን ማንሳት አያስፈልገውም፤ ሌላ የሚነቀፍ ነገር አለ። ምክር ቤቱን ዘግቶ፣ ሶሻል ዴሞክራቶችን በመድፍ ያስደበደበውን የቻንስለር ዶልፉስን አገዛዝና ተከታዩን የሹሽኒግን መንግሥት ስለ ፀረ ናዚ አቋማቸው ሲያወድሱ ኖረዋል። አሜሪካ እያሉ ከስደተኞች ሊያቋቁሙ የሞከሩት የኦስትሪያ ሻለቃ በ1943 ፈርሷል፤ ፈቃደኛ ጠፋ፣ ከስደተኛው መካከልም ግራ ዘመሞቹ ሻለቃው የዘውድ ጦር ነው ብለው ተቃወሙት። ማርች 2008 ደግሞ በኦስትሪያ ምክር ቤት ውስጥ የወረራው 70ኛ ዓመት መታሰቢያ ላይ፣ የሂትለር ሰለባ ነኝ ለማለት ከኦስትሪያ የበለጠ መብት ያለው አገር አውሮፓ ውስጥ የለም ሲሉ ተናገሩ፤ ቁጣው ለቀናት አልበረደም። ያን ንግግር መከላከል ይከብዳል። ማርች 1938 ቪየና ላይ ሂትለርን በደስታ ሊቀበል በሄልደንፕላትዝ አደባባይ የወጣው ሕዝብ ብዛት በፊልም ተቀርጿል።

«አንዲት ወረቀት ፈርመው አገራቸው ገቡ»

ወረቀቷን ፈርመው አገር እስኪገቡ አምስት ዓመት ከአምስት ወር ፈጅቷል፤ ጉዳዩም የኦስትሪያን ጥምር መንግሥት ሊበትን ደርሶ ነበር። እዚህ ጋ ቀስ ብለን እንሂድ።

የሀብስቡርግ ሕግ ተራ ሕግ አይደለም። የኦስትሪያ ሕገ መንግሥት 149ኛ አንቀጽ በሕገ መንግሥት ደረጃ ከሚቆጠሩት ሕጎች ጋር ይዘረዝረዋል፤ ስለዚህ ለመለወጥ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። በላዩ ላይ በ1955 ኦስትሪያ ከጦርነቱ በኋላ ይዘዋት ከነበሩት ከአራቱ ኃያላን ጋር የፈረመችው ውል፣ 10ኛው አንቀጹ ላይ፣ ሕጉ ጸንቶ እንዲቆይ ያስገድዳል። ኦቶ ሕጉን ማስቀየር አይችሉም ነበር። የቀራቸው መንገድ በሕጉ ውስጥ ያለችው ጠባብ በር ናት፦ መፈረም።

እስከዚያ የነበራቸው የወረቀት ሕይወት ራሱ አስቸጋሪ ነበር። በ1945 በፈረንሳዮች ሥር ወደነበረው ወደ ቲሮል ገብተው ነበር፤ በ1946 መጀመሪያ ተባረሩ። ከዚያ በኋላ በሞናኮና የማልታ ማኅበር በሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ፓስፖርት ተጓዙ። የታችኛው ኦስትሪያ ክፍለ ሀገር ዜግነታቸውን የተቀበለው በ1956 ሲሆን፣ ቀጥሎ የተሰጣቸው ፓስፖርት ከኦስትሪያ በስተቀር በሁሉም አገር የሚያገለግል ነበር። ቀልድ አይደለም፤ የገዛ አገራቸው ፓስፖርት ከገዛ አገራቸው ውጭ ብቻ ነበር የሚሠራው። በ1958 ለሪፐብሊኩ ሕግ ተገዢ ነኝ የሚል ጽሑፍ ሰጡ፤ አልበቃም፣ ምክንያቱም ሕጉ የሚጠይቀው ታማኝነትን ብቻ ሳይሆን ከቤተሰቡ አባልነት መውጣትንም ነው።

ሜይ 31 ቀን 1961 የሕጉን ቃል በቃሉ ተከትለው ፈረሙ፦ ከሀብስቡርግ ሎትሪንገን ቤት አባልነትና ከዚያ ከሚመነጭ የገዢነት ጥያቄ ሁሉ ራሴን አግልያለሁ፣ የሪፐብሊኩ ታማኝ ዜጋ ነኝ። አሁንስ? አሁን ችግሩ ማን ይወስን የሚል ሆነ። ሕጉ መግለጫው በቂ መሆኑን የሚወስነው መንግሥት ከምክር ቤቱ ዋና ኮሚቴ ጋር ተስማምቶ ነው ይላል። በ1961 የነበረው መንግሥት የሕዝብ ፓርቲና የሶሻሊስቶች ጥምረት ነው፤ የሚኒስትሮች ጉባኤ ደግሞ የሚወስነው በሙሉ ስምምነት ነው። የሕዝብ ፓርቲ ሚኒስትሮች ይበቃል ሲሉ ሶሻሊስቶቹ አይበቃም አሉ። ውሳኔ ሳይሰጥ ቀረ፤ ውሳኔ አለመስጠቱም እንደ እምቢታ ተቆጠረ።

ኦቶ ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 1961 ሥልጣኑ የኔ አይደለም አለ። ቀጥለው በአስተዳደር ጉዳዮች ፍርድ ቤት መንግሥትን ሊወስን የሚገባውን ባለመወሰኑ ከሰሱ። ይኸኛው ፍርድ ቤት ሜይ 24 ቀን 1963 በመንግሥት ቦታ ራሱ ወሰነ፦ መግለጫው ይበቃል። የምክር ቤቱ ኮሚቴ ስምምነትስ? ያ ድንጋጌ ከ1920ው ሕገ መንግሥት ጋር አብሮ የሚሄድ ስላልሆነ ቀርቷል አለ።

ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ የባሰው ግን ከዚህ በኋላ መጣ። ሶሻሊስቶቹ ፍርዱን «የፍርድ ቤት መፈንቅለ መንግሥት» አሉት። ጁላይ 1963 ምክር ቤት ውስጥ ከጥምረቱ ውጭ ከነበረው ከነጻነት ፓርቲ ጋር ድምፃቸውን አቀናጅተው፣ የኮሚቴው ስምምነት አሁንም ያስፈልጋል የሚል የሕግ ትርጉም አጸደቁ፤ የኦቶ መመለስ የማይፈለግ ነው የሚል ውሳኔም አሳለፉ። የገዛ ጥምር አጋራቸውን በድምፅ መርታታቸው ነው። ፍርዱ ግን ከአዲሱ ትርጉም በፊት የተሰጠ ስለሆነ አልተሻረም፤ ፓስፖርቱን የሚሰጥ ሚኒስትር ብቻ ነው የጠፋው። የሕዝብ ፓርቲ በ1966ቱ ምርጫ ብቻውን መንግሥት ሲመሠርት ያ እንቅፋት ተነሳ፤ ፓስፖርቱ ጁን 1 ቀን 1966 ተሰጠ። ኦቶ ኦክቶበር 31 ቀን 1966 ወደ ኦስትሪያዋ ከተማ ኢንስብሩክ ገብተው በማግስቱ ወጡ። ለዚያች አጭር ጉብኝት ወደ 250,000 የሚጠጉ ሠራተኞች በተቃውሞ ሥራ አቁመዋል። ሶሻሊስቱ ቻንስለር ብሩኖ ክራይስኪ በአደባባይ የጨበጧቸው በሜይ 1972 ነው፤ ጠቡ በይፋ የበረደው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል።

የቤተሰቡ አባል ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት መንገድ አልሄደም፤ ጽሑፉ ይህንንም ስቶታል። ወንድሞቻቸው ፌሊክስና ካርል ሉድቪግ እስከ 1996 አልፈረሙም። እናታቸው ዚታ ከነጭራሹ ሳይፈርሙ ነው በ1982 የገቡት፤ በጋብቻ የመጡ እንጂ በደም የዙፋን መብት ያላቸው አይደሉም ተብሎ በሩ ተከፈተላቸው። ኦቶ ራሳቸው በስተርጅና የ1961ዱን ፊርማ ሲያስታውሱ የሚያሳፍር ነገር ነበር፣ ባልፈርመው ይሻል ነበር ብለዋል። ይህ ከጽሑፉ «አንዲት ወረቀት» ጋር አይገጥምም።

«መብታቸውን ለልጃቸው አወረሱ»

የተውትን ነገር ማውረስ አይቻልም፤ ሪፐብሊኩ ደግሞ የሚወረስ የዙፋን መብት አለ ብሎ አያውቅም። በ2007 መጀመሪያ የተላለፈው የቤተሰቡ አለቅነት ነው፤ የውስጥ ጉዳይ፣ እንደ ማኅበር ሊቀመንበርነት ያለ። የበኩር ወንድ ልጃቸው ካርል በኦስትሪያ ሕግ ፊት ካርል ሀብስቡርግ ሎትሪንገን የተባሉ ዜጋ ናቸው፤ ከ1996 እስከ 1999 የአውሮፓ ፓርላማ አባል ነበሩ፣ በኋላም በጦርነት ጊዜ ቅርስን ለመጠበቅ የቆመውን የሰማያዊ ጋሻ ድርጅት መርተዋል።

ስለ ማዕረጉ ጉዳይ ጽሑፉ «አርክዱክ ኦቶ» እያለ በሀብስቡርግ መሳፍንት ማዕረግ እየጠራቸው ይቀጥላል፤ ፓስፖርታቸውም ላይ እንዲሁ እንደተጻፈ ይናገራል። ኦስትሪያ የመኳንንትን ማዕረግ ያጠፋችው በዚያው ኤፕሪል 3 ቀን 1919 በወጣ ሌላ ሕግ ነው፤ ቅጣቱ እስከ 20,000 ክሮነን ወይም እስከ ስድስት ወር እስራት ነው፤ ክሮነን የሚባለው ገንዘብ ከጥቅም ከወጣ መቶ ዓመት ሆኖታል፣ ቁጥሩ ግን ሕጉ ላይ እንዳለ ነው። መኳንንትነትን የምታሳየው «ፎን» የምትለዋ ቃልም አብራ ተከልክላለች። ጀርመን በተቃራኒው የቀድሞ ማዕረጎችን የቤተሰብ ስም አካል አድርጋ ተወቻቸው። ስለዚህ አንዱ ሰው ቪየና ላይ ኦቶ ሀብስቡርግ ሎትሪንገን፣ ባቫሪያ ላይ ኦቶ ፎን ሀብስቡርግ ነበሩ። በ1978 የጀርመን ዜግነት ጨምረው፣ በ1979 በባቫሪያው ክርስቲያን ሶሻል ኅብረት ዝርዝር ተመርጠው ለ20 ዓመት የአውሮፓ ፓርላማ የተቀመጡት በሁለተኛው ስም ነው። በኦስትሪያ ቢሆን ኖሮ ለፓርላማ መወዳደር ይችሉ ነበር፤ ለፕሬዝዳንትነት ግን አይችሉም፣ ከቀድሞ ገዢ ቤተሰቦች የተወለደ ሰው እንዳይወዳደር ሕገ መንግሥቱ ይከለክል ነበርና። ያ ክልከላ የተነሳው በ2011 ነው፤ እሳቸው በሞቱበት ዓመት።

«የብረት መጋረጃውን ቀደዱ»

ኦገስት 19 ቀን 1989 በሀንጋሪና በኦስትሪያ ድንበር፣ በሀንጋሪዋ ሾፕሮን ከተማ አጠገብ፣ «የፓን አውሮፓ ሽርሽር» በሚል ስም በተካሄደው ዝግጅት ላይ ኦቶ አልነበሩም። መልእክታቸውን ያቀረቡት ሴት ልጃቸው ቫልቡርጋ ናቸው። የእሳቸው ሚና ከሀንጋሪው ሚኒስትር ኢምሬ ፖዥጋይ ጋር የዝግጅቱ ደጋፊ ሆኖ ስም ማዋስ ነበር፤ ሐሳቡም የተወለደው በጁን ወር ደብረጸን ከተማ ውስጥ ንግግር ካደረጉ በኋላ በነበረው እራት ላይ ነው። ሥራውን የሠሩት ግን የደብረጸንና የሾፕሮን የተቃዋሚ ፓርቲ አባላት ናቸው። በዕቅዱ መሠረት ወደ ኦስትሪያዋ ቅዱስ ማርጋሬቴን በሚወስደው አሮጌ መንገድ ላይ ያለችው የእንጨት በር ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ለምሳሌያዊ መሻገር ትከፈታለች ነበር የተባለው። ከ600 በላይ ምሥራቅ ጀርመናውያን በዚያች በር ገፍተው አለፉ። የኬላው አዛዥ ሌተና ኮሎኔል አርፓድ ቤላ እንዳይተኮስ ወሰኑ፤ ከሁሉ የከበደው ውሳኔ የእሳቸው ነው። ሀንጋሪ ድንበሯን ለምሥራቅ ጀርመናውያን ሙሉ በሙሉ የከፈተችው ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ነው። የኦቶ ስም ባይኖር መንግሥት ዝግጅቱን በቀላሉ ይፈቅድ ነበር ማለት አይቻልም፤ ይህን ያህል ክብር ይገባቸዋል።

«እንደ ንጉሠ ነገሥት ተቀበሩ»

ጁላይ 4 ቀን 2011 በ98 ዓመታቸው ባቫሪያ ውስጥ በፖኪንግ ቤታቸው ሞቱ፤ ጁላይ 16 ቪየና ላይ ተቀበሩ። ፕሬዝዳንቱና ቻንስለሩ ቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ተገኝተዋል፤ የቀድሞው የንጉሠ ነገሥት መዝሙርም ተዘምሯል። ግን ሀብስቡርጎች በሚቀበሩበት በካፑቺን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል። በሩ ሦስት ጊዜ ይንኳኳል፤ ውስጥ ያለው መነኩሴ በእያንዳንዱ ጊዜ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ የተነበበው ረጅሙ የማዕረግ ዝርዝር ነው፤ «አናውቀውም» ተባለ። ቀጥሎ ሥራቸው ተዘረዘረ፦ ዶክተር፣ የፓን አውሮፓ ኅብረት ፕሬዝዳንት፣ የአውሮፓ ፓርላማ አባል፤ አሁንም «አናውቀውም»። በሦስተኛው «ኦቶ፣ ሟችና ኃጢአተኛ ሰው» ሲባል ተከፈተ። የመጀመሪያው ዝርዝርም ቢሆን የሚጠራቸው የቀድሞ አልጋ ወራሽ ብሎ እንጂ ንጉሠ ነገሥት ብሎ አይደለም። ልባቸው በማግስቱ ሀንጋሪ ውስጥ በፓኖንሃልማ ገዳም ተቀበረ። አባታቸው ካርል ግን እስከ ዛሬ ማዴይራ ናቸው፤ በ2004 ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ብፁዕ ብላቸዋለች፣ አስከሬናቸው ግን አልተመለሰም።

«አልማዙ ተቆራርጦ ተሸጠ»

ይህን ወሬ ጽሑፉ አልፈጠረውም፤ ለመቶ ዓመት ሲወራ የኖረ ነው። በ137 ካራት የሚመዘነው ቢጫማ የፍሎረንስ አልማዝ በኖቬምበር 1918 መጀመሪያ ከቪየና ግምጃ ቤት ወጥቶ ከሌሎች ጌጣጌጦች ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተላከ፤ ከዚያ በኋላ ዱካው ጠፋ። በኖቬምበር 2025 ግን ካርል ሀብስቡርግ ሎትሪንገን አልማዙ ካናዳ ውስጥ በባንክ ካዝና እንዳለ ለሕዝብ አሳወቁ። ዚታ በጦርነቱ ጊዜ ኬቤክ ሲኖሩ ያስቀመጡት ሲሆን፣ ባላቸው ከሞቱ መቶ ዓመት እስኪሞላ ምስጢሩ እንዳይወጣ ለሁለት ልጆቻቸው ብቻ ነግረው ነበር።

ጽሑፉ ይህን አለመያዙ አያስወቅስም፤ ብዙ የታሪክ መጻሕፍትም ተሸጧል ይላሉ። የሚያስወቅሰው «ቤተሰቡ የሰረቀው የመንግሥት ንብረት» ብሎ መደምደሙ ነው። ያ የሚወሰነው የ1919ኙን ሕግ ሦስት ምድቦች በማንበብ ነው። አልማዙን ወደ ቤተሰቡ ያመጡት የሀብስቡርጓ ገዢ የማሪያ ቴሬዛ ባል የሆኑት፣ የቶስካና መስፍን የነበሩት ፍራንዝ ሽቴፋን ናቸው። የቤተሰቡ ወገን በዚህ ተነስቶ የግል ንብረት ነው ሊል ይችላል፤ መንግሥት ደግሞ ከሽያጭና ከክፍፍል ውጭ ተደርጎ በግምጃ ቤቱ ተመዝግቦ የኖረ የጋራ ንብረት ነው ሊል ይችላል። ከመጀመሪያው ከሆነ ሕጉ አይነካውም፤ ከሁለተኛው ከሆነ ከኤፕሪል 1919 ጀምሮ የሪፐብሊኩ ነው።